ለተስፋ መቁረጥ ድንኳን አይተከልም

(በበዓለ ሃምሳ ለወጣቶች ጉባኤ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብላችሁ መለሳችሁልኝ። ተቀባብለን እስከ መጨረሻው ደረስን፤ «እምይእዜሰ፣ ኮነ፣ ፍሥሐ ወሰላም»። ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ አልን። ትክክል ብለናል። እኔም አምኜበት ነው ያልኩት።

ዛሬ የመጣሁት ግን ይህን መልስ አፉ እየመለሰ ልቡ እምቢ ስላለው ሰው ልናገር ነው። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ይከብደዋል። እህል አይጥመውም። ጸሎት ይጀምርና መሐል ላይ ይተወዋል። ስልኩ ሲጠራ ማን እንደደወለ አይቶ ዝም ይላል። መንገድ ላይ አግኝተነው «እንዴት ነህ?» ስንለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለናል። እኛም «ይመስገን» ብለን እናልፋለን። ሁለታችንም የተባባልነው መልካም ቃል ነው። ግን ማንም ማንንም አላገኘም።

እንዲህ ያለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ ነው የምናገረው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ አባባል ልቃወም። «እምነት ቢኖርህ ኖሮ ተስፋ አትቆርጥም ነበር» የሚለውን። ይህን የምንለው በቅንነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ አይልም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የሚያሳየን።

ኤልያስን እንውሰድ። ሰማይ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር እንዳይዘንብ የጸለየ ነቢይ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ብቻውን ቆሞ እሳት ከሰማይ የወረደለት ነው። ከዚህ የበለጠ እምነት ከየት ይመጣል? ገጹን ግን ገልብጡት፤ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ኤልዛቤል «ነገ በዚህ ሰዓት እገድልሃለሁ» ብላ መልእክት ላከችበት። ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ ብላቴናውን እዚያ ተወው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። ከዚያ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከአንድ ክትክታ ዛፍ ሥር ቁጭ አለና «ይበቃኛል» አለ። «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሞቱን ለመነ።

ከሰማይ እሳት የወረደለት ሰው ነው እንዲህ ያለው። ደግሞም ለሰው አልተናገረውም፤ የነገረው ለእግዚአብሔር ነው። «ይበቃኛል» የሚለው ቃል ራሱ ጸሎት ነበር።

እግዚአብሔርስ ምን አደረገ? አልገሠጸውም። «እሳት ያወረድኩልህን ረሳኸው?» አላለውም። ኤልያስ ተኛ፤ እግዚአብሔርም እንዲተኛ ተወው። መልአክ መጥቶ ዳሰሰው። «ተነሥተህ ብላ» አለው። ቀና ብሎ ሲያይ ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አለ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ።

እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ «በላ፣ ጠጣ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንኩ ነው የሚለው?» እንል ነበር። አንድ ጊዜ ጠይቀነዋል፣ አንድ ጊዜ አብልተነዋል፣ ድርሻችንን ተወጥተናል። መልአኩ ግን ሁለተኛ መጣ። እንደገና ዳሰሰው። «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። መንገዱ ሩቅ መሆኑን ሰማይ ያውቃል። ደካማ ነህ አላለውም፤ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ደረሰ። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ያኔ ነው። እንቅልፍ ቀደመ፣ ምግብ ቀደመ፣ መንገድ ቀደመ። ወሬው በኋላ መጣ።

እኛ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። ያልተኛን፣ ያልበላን ሰው መጀመሪያ እንመክረዋለን።

ሁለተኛው ነገር መዝሙረ ዳዊት ነው። ዳዊት የምትደግሙ ታውቁታላችሁ፤ 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30 ብለን ጀምረን እንቀጥላለን። ሐሙስ ከ81 እስከ 110 ነው። ስለዚህ በየሐሙሱ 87ኛውን መዝሙር እንደግማለን። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 88 ተብሎ ታገኙታላችሁ። ይህ መዝሙር ከሌሎቹ የኀዘን መዝሙሮች ይለያል። ሌሎቹ በለቅሶ ጀምረው ብዙውን ጊዜ ወደ ምስጋና ይወጣሉ። ይህኛው አይወጣም። «ነፍሴ መከራን ጠግባለችና» ይላል። ወደ ጕድጓድ እንደሚወርዱ ተቆጠርኩ ይላል። ፊትህን ለምን ከእኔ ትሰውራለህ ይላል። በመጨረሻም ወዳጅና ዘመድ ርቆ ያልቃል። «አሜን፣ ሁሉም ለበጎ ነው» የሚል መዝጊያ የለውም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር አላወጣችውም። አላለሰለሰችውም። በየሳምንቱ እንድንደግመው ሰጠችን። ለምን ይመስላችኋል? እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው። ሐሙስ ዕለት ደስ ብሎኝ ከዋልኩ ያንን መዝሙር የምደግመው ስለ ራሴ አይደለም፤ ልቡ ስለተሰበረ አንድ ሰው ነው። እኔ የተሰበርኩ ዕለት ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች የእኔን ቃል በአፋቸው ይዘው በእግዚአብሔር ፊት ይቆማሉ። ጸሎት ያቃተው ሰው ጸሎት አልባ አይደለም ማለት ነው። ሌላ ሰው ይዞለታል።

ማርቆስ ምዕራፍ 2 ላይ ያሉትን አራት ሰዎች አስቡ። ሽባ ወዳጃቸውን ተሸክመው ጣሪያ ቀደው አወረዱት። ጌታ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የእሱን እምነት ብቻ አላለም። አልጋው ላይ የተኛው ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበ ወንጌሉ አይነግረንም። ምናልባት «ተዉኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ብሏቸው ይሆናል። እነሱ ግን አልተዉትም።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ።

በአገራችን ሰው ሲሞት የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መርዶ ነጋሪ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳል። ብቻውን አይመጣም፤ ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ተሰባስቦ ነው። ብዙም ሳይቆይ እድሩ ድንኳን ይተክላል። አግዳሚ ወንበር ይደረደራል። ኀዘንተኛዋ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ትቀመጣለች። ጎረቤት ተራ በተራ እዝን ይዞ ይመጣል። አንዲት እናት ጉርሻ በእጇ ይዛ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለች አጠገቧ ትቀመጣለች። ጉርሻዋን ሳትቀምስላት አትነሣም። ማታ ሲሆን አብረው የሚያድሩ አሉ። የሚገባው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ይቀመጣል። ብዙ አያወራም። ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሄዳል፤ መጥቶ መቀመጡ ግን ለዓመታት ይታወሳል። ሰው «ማን ምን አለኝ?» ብሎ አያስታውስም። «ማን መጣ?» ብሎ ነው የሚያስታውሰው።

ይህ ከየት እንደመጣ ባላውቅም የት እንደማገኘው ግን አውቃለሁ። ኢዮብ ልጆቹን ሁሉ ባጣ ጊዜ ሦስት ወዳጆቹ መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ሕመሙ እጅግ እንደበረታ አይተው አንድ ቃል አልተናገሩትም። ለቅሶ መድረስ ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነው በስምንተኛው ቀን የሆነው ነው። አፋቸውን ከፈቱና ነገሩን ያስረዱት ጀመር። «ኃጢአት ሠርተህ ይሆናል» አሉት። መጽሐፉ ሲያልቅ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። «ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» አላቸው። ሲጮህና ሲሟገት የከረመው ኢዮብ ቅን ተባለ። እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት ጥፋተኛ ሆኑ።

ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ለሞት ድንኳን አለን። ለተስፋ መቁረጥ ድንኳን አይተከልም። ትዳሩ የፈረሰበት፣ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ሲመለስ ዓመታት ያለፉበት፣ ፅንስ የጨነገፈባት፣ ያለ ምንም ምክንያት ውስጡ የጨለመበት ሰው እድር ላይ የሚመዘገብ አስከሬን የለውም። ስለዚህ እዝን የሚያመጣለት የለም። የሚመጣለት ምክር ነው። «ጠንከር በል እንጂ»። «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ»። ከስምንተኛው ቀን ነው የምንጀምርለት። ሰባቱን ቀን አንቀመጥለትም።

ውጭ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ለሞቱም እንኳ ድንኳን የሌላቸው ብዙ ናቸው። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት የእናቷን ሞት በስልክ ትሰማለች። ፍራሽ የሚያነጥፍላት የለም። እንባዋን ጠርጋ ወደ ወጥ ቤት ትመለሳለች። አሠሪዎቿ ማልቀሷን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። እንዲህ ያለች እኅት ያለቻችሁ ዛሬ ማታ ደውሉላት። መፍትሔ አታዘጋጁ። እያለቀሰች ስልኩን ይዛችሁ ቆዩ።

ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ያውቀዋል። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 በእስያ ስለደረሰበት መከራ ሲናገር «ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ» ከአቅማችን በላይ ከበደብን ይላል። ሐዋርያው ነው ተስፋ ቆረጥን ያለው፤ ጽፎም ለምእመናን ላከው። አልደበቀም። ምዕራፍ 7 ላይ ደግሞ እንዴት እንደተጽናና ይነግረናል። መቄዶንያ ሲደርስ በውጭ ጠብ፣ በውስጥ ፍርሃት ነበረበት። ያኔ ኀዘንተኞችን የሚያጽናና አምላክ «በቲቶ መምጣት አጽናናን» ይላል። ሦስተኛው ሰማይ ድረስ የተነጠቀ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ግን የተላከለት ራእይ አልነበረም። አንድ ወዳጅ ተጉዞ መጣለት። እግዚአብሔር ለጳውሎስ የላከው መጽናኛ ስም ነበረው፤ ቲቶ ይባላል።

ጌታችንም በጌቴሴማኒ ይህንን ነው የፈለገው። «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ» አለ። ስበኩልኝ አላለም። አብራችሁኝ ቆዩ አለ። ደቀ መዛሙርቱ ተኙ። አንድ ሰዓት ስንኳ ከእሱ ጋር መትጋት አቃታቸው። ስለዚህ ብቻውን ሌሊቱን ያደረ ሰው ሁሉ፣ ያ ሌሊት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አምላክ አለው። በመስቀል ላይም «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ብሎ በመዝሙረ ዳዊት ቃል ጮኸ። ይህን ጩኸት እየጮኸ ወደ እኛ ጨለማ ገባ። የእኛ ተስፋ የተመሠረተው ከዚህ ጨለማ ባመለጠ አምላክ ላይ አይደለም፤ ገብቶበት በወጣው ላይ ነው።

«ታዲያ ተስፋው ምንድን ነው? አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አይደለም። አንድ ቀን ላስታውሳችሁ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ትንሣኤን አክብረን ሳምንት ሆኖናል፤ ዕለቱ ዳግማይ ትንሣኤ ነው። በዚያ ቀን በሊቢያ በረሃና በባሕር ዳርቻ ወንድሞቻችን በክርስትናቸው ሲገደሉ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። ወደ አውሮፓ ሊሻገሩ የሄዱ፣ ቤተሰባቸውን ሊረዱ የተሰደዱ ልጆች ነበሩ። ከሟቾቹ ሁለቱ የአዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ። ሰፈሩ ድንኳን ተከለ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። እነዚያን ቀናት የሚያስታውስ ሁሉ የእናቶቹን ጩኸት ያስታውሳል።

አስቡት። ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነን። ሰላምታችን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ነው። እነዚያ እናቶች «ፍሥሐ ወሰላም» ሊሉ ነው? እኔ ለብዙ ጊዜ ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ አልገጥም ይሉኝ ነበር። ኋላ ግን የዳግማይ ትንሣኤን ወንጌል ሳነብ ቆም አልኩ። በዚያ እሑድ የሚነበበው የቶማስ ታሪክ ነው። ጌታ ከሞት ተነሥቷል። ሞትን አሸንፏል። በተዘጋ ደጅ ገብቷል። ቁስሉ ግን አለ። «ጣትህን ወዲህ አምጣ፣ እጆቼንም እይ» አለው። «እጅህን አምጣና በጎኔ አግባው» አለው። የተነሣው አካል የችንካሩን ምልክት ይዞ ነው የተነሣው።

ከዚህ በኋላ ትንሣኤን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ትንሣኤ ስቅለት እንዳልነበረ አያደርግም። የእነዚያ እናቶች ኀዘን ተረስቶ፣ ተሰርዞ አይደለም ደስታ የሚሆነው። የእኛ ተስፋ ቁስሉን የሚያውቅ ተስፋ ነው። ክርስቶስ ተነሥቷል ስንል የተወጋው ጎን ሕያው ነው ማለታችን ነው። ስለዚህ ተስፋ የቆረጠ ሰው ወደ ክርስቶስ ለመምጣት መጀመሪያ ፊቱን መታጠብና ፈገግ ማለት አይጠበቅበትም። ከነቁስሉ ይመጣል። የሚቀበለውም ቁስል ያለበት እጅ ነው።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ቶማስ «ካላየሁ አላምንም» ካለ በኋላ ስምንት ቀን አልፏል። በስምንተኛው ቀን የት ነበር? «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል ወንጌሉ። አላባረሩትም። እሱም አልሄደም። አሥሩ «ጌታን አየነው» እያሉ፣ እሱ አላምንም እያለ፣ ስምንት ቀን አብረው ከረሙ። ጌታ ያገኘው እዚያው መካከላቸው ነው። ማመን ሲያቅታችሁ ከሚያምኑት መካከል አትውጡ። እናንተም የምታምኑት፣ ማመን ያቃተውን አታሳዱት።

ሕክምናን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። «ፀበል ከጠጣሁ መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው» የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ጎድቶብናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ፀበል ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ፣ ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ያው ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒቱን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ወደ ንስሐ አባቱም ይሂድ፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም። የቤተሰብ ስም አያጠፋም። መድኃኒቱንም በራሳችሁ አታቋርጡ።

አሁን ለቤርሳቤህ ዕዳ አለብኝ። ያዙልኝ ብዬ ነበር።

ኤልያስ ተስፋ ሲቆርጥ መጀመሪያ ያደረገው ብላቴናውን ትቶ ብቻውን መሄድ ነው። ተስፋ መቁረጥ እንዲህ ነው፤ ሰውን ከሰው ይነጥላል። «ማንንም አላስቸግር» ያሰኛል። «እኔ ብቻ ቀርቻለሁ» ያሰኛል፤ ኤልያስም ኮሬብ ላይ ይህንኑ ነው ያለው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። እግዚአብሔርም ሁለት ነገር መለሰለት። ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች አሉኝ አለው። ብቻህን አይደለህም፣ ቁጥሩን ሳትሰማ ነው የኖርከው እንደ ማለት ነው። ቀጥሎም ወደ አንድ ሰው ላከው። ኤልሳዕ በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ አገኘው፤ መጎናጸፊያውን ጣለበት። ኤልሳዕ እርሻውን ትቶ ተከተለው፤ እስከ ዕርገቱ ቀን ድረስም አልተለየውም። «እዚህ ቆይ» ሲለው እንኳ «አልለይህም» አለው።

ስለዚህ አሁን በቀጥታ ለእናንተ፣ «ይበቃኛል» ስትሉ ለከረማችሁ። ሞትን መመኘት በልባችሁ ካለ፣ ይህን ማሰባችሁ ከእግዚአብሔር አላራቃችሁም። ኤልያስንም አላራቀውም። ግን ብቻችሁን አትደሩበት። ዛሬ ሳትተኙ ለአንድ ሰው በግልጽ ንገሩ። «ደክሞኛል» አትበሉ፤ አይገባውም። «መሞት እየተመኘሁ ነው» በሉት። የሰማችሁትም አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ ምሥጢር ነው ብላችሁም ብቻችሁን አትያዙት። አብራችሁ እደሩ፤ ሲነጋ አብራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ከጉባኤው በኋላ ከመድረኩ በስተግራ ባለው ክፍል ውስጥ አንድ ካህንና አንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ እኅት አሉ። ስም አይመዘገብም። መናገር የማይፈልግ ሰውም ገብቶ መቀመጥ ይችላል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አዘጋጅተናል። እኔም እዚያው ነኝ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።